ቀልብህን ሰብስብ!

«ቀልብህን ሰብስብ!» ሳይባል ያደገ ተማሪ በአገራችን ይኖር ይሆን? እኔ በበኩሌ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። የኔታ ይሉታል፤ መምህር ይለዋል፤ ወላጅ ይለዋል፤ ጎረቤትም በአጥር ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ ይለዋል። ቃሉ ደግሞ ግሩም ቃል ነው። በአማርኛችን ቀልብ ይሰበሰባል፣ ይበተናል፣ ይሳባል፣ ይሰረቃል፣ ይገፈፋል። ቀልቡ የረጋ ሰው አለ፤ ቀልበ ቢስም አለ። ነገሩን ልብ ብሎ ላስተዋለው፣ ቋንቋችን ትኩረትን የሚያየው እንደ ከብት መንጋ ነው፤ ይሰማራል፣ ይበተናል፣ ሲመሽ ይሰበሰባል። መንጋ ካለ ደግሞ እረኛ አለ።

እንግዲህ የዛሬው ጨዋታዬ ስለ እረኛው ነው። መንጋው ሲበተን ሁላችንም ጅራፍ የምናነሣው በእረኛው ላይ ነው። ሰነፍ እንለዋለን፤ ባለጌ እንለዋለን። ለመሆኑ እረኛው ሰነፍ ሳይሆን ለሥራው ገና ያልደረሰ ቢሆንስ? መሰብሰብ ለሚችል ልጅ «ሰብስብ» ማለት ትእዛዝ ነው። ለማይችለው ግን ምን ይባላል?

ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ የእህቴ ልጅ ነው። ዛሬ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ስሙን አልጠራም፤ አድጎ ይህችን ጽሑፍ ሲያገኛት እንዳይቀየመኝ ነው። ለነገሩ በክርስትና ስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነበር። አያቱ «ቀዥቃዣው» ትለዋለች፤ አባቱ «ይሄ ነፋስ» ይለዋል፤ የሰፈር ልጆች ደግሞ «ሞተር» ብለውታል። ምሳ ሲቀርብ ሦስት ጊዜ ይነሣል። ጫማውን ሲያስር ድመት ካለፈች፣ አንዱ እግር ታስሮ ሌላው ሳይታሰር ድመቷን ይከተላል። ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ መልሱን ያቀብላል። ሆኖም ክፋት የለበትም። እህቱ ስታለቅስ ቀድሞ የሚያባብላት እሱ ነው።

ሁለተኛ ክፍል ሳለ፣ የዓመቱ አጋማሽ እንዳለፈ፣ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ልጁ ሌሎችን ስለሚረብሽና ትምህርቱንም በአግባቡ ስለማይከታተል ለመጪው ዓመት ሌላ ትምህርት ቤት ይፈለግለት ይላል። ቋንቋው ትሑት፣ ማኅተሙም የጎላ ነበር። እህቴ ደብዳቤውን ከፈተና ወረቀቶቹ ጋር ይዛ እኔ ዘንድ መጣች። የቤቱ ፊደል ቆጣሪ እኔ ነኝ ተብሎ ስለሚታመን፣ ማመልከቻም ሆነ አቤቱታ የሚጻፈው በእኔ እጅ ነው።

እኔ ግን ከደብዳቤው ይልቅ የሒሳብ ፈተናውን አብዝቼ አየሁት። ጥያቄው ሃያ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ካሉት ዐሥር ጥያቄዎች ሰባቱን አግኝቷል። የሳታቸው ሦስቱ የመቀነስ ጥያቄዎች ሲሆኑ እሱ ደምሯቸዋል፤ ድምራቸው ግን አንድም አልተሳሳተም። የወረቀቱ ጀርባ ባዶ ነው። «ይሄን ለምን ሳትሠራው ቀረህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ወረቀቱን ተቀብሎ አገላበጠና «ከኋላውም አለ እንዴ?» አለኝ። ዐሥር ጥያቄ የቀረበት ባለማወቁ አልነበረም፤ ወረቀቱን ባለመገልበጡ ነው። ይኸው ልጅ ሱቅ ሲላክ በመልስ አይታለልም። ችግሩ አንዳንድ ቀን ሱቅ ከደረሰ በኋላ ምን ግዛ እንደተባለ መርሳቱ ነው።

በቤት ውስጥ ያልተሞከረ መድኃኒት የለም። እናቴ «ዓይን ነው» ብላ ሰባት ቀን ጠበል ወሰደችው። አንዲት ጎረቤት ከረሜላና ስኳር አስከለከለችው። (በነገራችን ላይ፣ ስኳር ልጆችን ያቀዠቅዛል የሚለው እምነት በፈረንጆቹም ዘንድ የተስፋፋ ቢሆንም በጥናት ሲፈተን እውነት ሆኖ አልተገኘም።) አባቱ ደግሞ «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» በሚለው የአበው ቃል የሚያምን ሰው ነው፤ ቀበቶውን ፈታ። ልጁ ማታ ተገርፎ ጠዋት ደጃፍ ላይ ቆሞ «ዛሬ ጨዋ እሆናለሁ» ብሎ ለእናቱ ይምላል። ከልቡ ነው የሚምለው። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ መሐላው ከእጁ ያመልጠዋል። እህቴን ያስደነገጣት ግርፋቱም ደብዳቤውም አልነበረም፤ አንድ ጠዋት ልጁ ሳይምል ዝም ብሎ ቦርሳውን አንሥቶ መውጣቱ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ በራሱ ተስፋ ሲቆርጥ ያየ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

የሕፃናት የአእምሮ ጤና ወደምታይ አንዲት ሐኪም የሄድነው ከዚያ በኋላ ነው፤ እህቴ፣ የእህቴ ባልና እኔ ልጁን ይዘን። እኔ እንደጠበቅሁት ሐኪሟ መርፌም መሣሪያም አላነሣችም። በመጀመሪያ ጆሮውንና ዓይኑን እንድናስመረምር አዘዘች። ቀጥሎ መምህሩ የሚሞላው የጥያቄ ወረቀት ሰጠችን። ከዚያም ከአንድ ሰዓት በላይ ስትጠይቅ ቆየች። ኤዲኤችዲ የሚሉት ነገር በደም ምርመራም ሆነ በራጅ አይገኝም። የሚገኘው በጥያቄ፣ በትዕግሥትና የልጁን ታሪክ ከሥሩ በመስማት ነው።

ኤዲኤችዲ በአማርኛ ሲዘረዘር ትኩረትን መሰብሰብ አለመቻልና ከመጠን ያለፈ መቅበጥበጥ እንደ ማለት ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ምልክቶቹ በሁለት ወገን ተከፍለዋል። በአንድ ወገን ዘጠኝ የመዘናጋት ምልክቶች አሉ፤ ዝርዝር ነገር መሳት፣ የጀመሩትን አለመጨረስ፣ ዕቃ መጣል፣ ሲነገር አለመስማትና የመሳሰሉት። በሌላው ወገን ዘጠኝ የመቅበጥበጥና የችኮላ ምልክቶች አሉ፤ ከመቀመጫ መነሣት፣ ወረፋ መጠበቅ አለመቻል፣ ሰው ሳይጨርስ መናገር። አንድ ልጅ ኤዲኤችዲ አለበት ለመባል ከአንዱ ወገን ቢያንስ ስድስቱ ሊታዩበት ይገባል። ምልክቶቹ ከስድስት ወር ያላነሰ የቆዩ፣ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመሩ፣ በቤትም በትምህርት ቤትም ማለትም ከአንድ በላይ በሆነ ስፍራ የሚታዩና ኑሮውን የሚጎዱ መሆን አለባቸው። በትምህርት ቤት ብቻ የሚረብሽ ልጅ ከሆነ ትምህርት ቤቱን መመርመር ይቀድማል ማለት ነው።

ሐኪሟ ከጠየቀቻቸው ውስጥ ብዙዎቹን የመለሰው የእህቴ ባል ነበር። ዕቃ ይጥላል ወይ? ይጥላል። የጀመረውን ይጨርሳል ወይ? አይጨርስም። ረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ሰውነቱ ይጨነቃል ወይ? አዎ። እንዲህ እንዲህ ሲል ቆየና በመካከል ዝም አለ። አቀርቅሮ መዳፉን ሲያሻሽ ከቆየ በኋላ «ዶክተር፣ የሚጠይቁኝ ስለ እሱ ነው ስለ እኔ?» አለ። አማቼ የጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ትምህርቱን ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጠ ሲሆን ምክንያቱን ሲጠየቅ ሁልጊዜ «ጭንቅላት የለኝም» ነበር የሚለው። ሐኪሟ ነገሩ በአብዛኛው በዘር የሚወርድ መሆኑን ገለጠችለት። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት በልጆች መካከል ከሚታየው ልዩነት ሦስት አራተኛ ያህሉ ከዘር የሚመጣ ነው። አማቼ በልጅነቱ እሱ ራሱ የተገረፈበትን ጥፋት በልጁ ላይ ሲገርፍ እንደኖረ የገባው እዚያ ወንበር ላይ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ቀበቶው የሱሪ መያዣ ብቻ ሆኗል።

«ይህ የፈረንጅ ፈሊጥ ነው፤ በእኛ ጊዜ የት ነበር?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አይፈረድበትም፤ ስሙ አዲስ ነው። ነገሩ ግን አሮጌ ነው። አሌክሳንደር ክራይተን የተባለ የስኮትላንድ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1798 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንዳንድ ልጆች ከተፈጥሯቸው ቀልባቸውን በአንድ ትምህርት ላይ ማጽናት እንደማይችሉ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1902 ጆርጅ ስቲል የተባለ የሕፃናት ሐኪም ለንደን ላይ ባሰማቸው ንግግሮች አእምሯቸው ሙሉ ሆኖ ሳለ ራሳቸውን መግታት ስለማይችሉ ልጆች አስረዳ። እሱም ቢሆን ነገሩን ከግብረ ገብ ጉድለት ጋር አያይዞት ነበር። ዛሬ የምንጠቀምበት ስም የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። በእኛ አገርም ስም ጠፍቶለት አያውቅም፤ ቀዥቃዣ፣ ቅብጥብጥ፣ ዝንጉ፣ ፈዛዛ፣ ቀልበ ቢስ። ችግሩ ስሞቻችን ሁሉ ስድብ መሆናቸው ነው።

ወደ እረኛው ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ተመራማሪዎች የልጆችን አንጎል እያነሡ አነጻጽረው ነበር። የአንጎል ልባስ ውፍረት በሌሎች ልጆች በአማካይ በሰባት ዓመት ተኩል ገደማ የሚደርስበት ደረጃ ላይ ኤዲኤችዲ ያለባቸው የደረሱት በዐሥር ዓመት ተኩል ገደማ ነው። መዘግየቱ ጎልቶ የታየው በግንባር በኩል ባለው፣ ሐሳብን በሚገታና በሚያቅድ የአንጎል ክፍል ላይ ነበር። እንግዲህ እረኛው አለ፤ ነገር ግን ዘግይቶ ነው የሚያድገው። ይህ ማለት ሁሉም ልጅ ሲያድግ ይተወዋል ማለት አይደለም። ብዙዎቹ መቅበጥበጡን ሲቀንሱ መዘናጋቱ ግን ጎልማሳ ሆነውም ይከተላቸዋል።

በትምህርት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማየት ሰሌዳን መገልበጥን ብቻ እንውሰድ። ልጁ ሰሌዳውን ያያል፣ አንድ ሐረግ በአእምሮው ይይዛል፣ ዓይኑን ወደ ደብተሩ ያወርዳል፣ የያዘውን ይጽፋል፣ ዓይኑን መልሶ ያነሣል፣ የተወበትን መስመር ይፈልጋል። ለእኔና ለእናንተ ይህ አንድ ሥራ ነው። ለእሱ ስድስት ሥራ ነው። በያንዳንዱ መሸጋገሪያ ላይ መንጋው ያመልጣል። ሰሌዳው ሲጠፋ እሱ ገና አራተኛው መስመር ላይ ነው። ግማሽ ደብተር ይዞ ቤቱ ይገባል፤ በግማሽ ደብተር ያጠናል፤ በግማሽ ጥናት ይፈተናል። ዛሬ የቀረችው የመቀነስ ትምህርት ነገ በማካፈል ላይ ትመጣበታለች። አምስተኛ ክፍል ሲደርስ ዕዳው ወለድ ወልዷል። ያኔ «አይገባውም» ይባላል። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ያሉት አበው ይህን ልጅ አይተው መሰለኝ።

የሚረብሸው እንኳ ዕድለኛ ነው፤ ቢያንስ ደብዳቤ ይጻፍለታል። መስኮት አጠገብ ተቀምጣ በዝምታ ደመና የምትቆጥረዋን ልጅ ማን ያያታል? እሷም ቀልቧ የተበተነ ነው፤ ነገር ግን አትነሣም፣ አትጮኽም። «ፈዛዛ ናት፣ ግን ጨዋ ናት» ተብላ ታልፋለች። ኤዲኤችዲ በወንዶች ላይ በብዛት ይገኛል ቢባልም፣ ሴቶቹ ከቁጥር የሚጎድሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ጨዋነታቸው ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን ጫፍ ልንገራችሁ። የሚቀዠቅዥ ልጅ ሁሉ ኤዲኤችዲ የለበትም። ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅ ቀልቡ የት ይሰበሰባል? ዓይኑ ሰሌዳውን የማያይ፣ ጆሮው የማይሰማ፣ እንቅልፍ ያልጠገበ፣ ከጦርነት ተፈናቅሎ የመጣ፣ ወላጁን የቀበረ ልጅ ሁሉ ከሩቅ ሲታይ አንድ ዓይነት ነው። በካናዳና በአይስላንድ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ በክፍሉ ካሉት ሁሉ በዕድሜ የሚያንሰው ልጅ ኤዲኤችዲ አለበት የመባል ዕድሉ ከፍ እንደሚል አሳይተዋል፤ ጥፋቱ ልጅ መሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ስሙን የሚሰጠው ባለሙያ እንጂ ጎረቤት ወይም ይህችን ጽሑፍ ያነበበ አጎት መሆን የለበትም።

መድኃኒቱስ? መድኃኒት አለው። ቻርልስ ብራድሊ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1937 ንቁ የሚያደርግ መድኃኒት ለ30 ልጆች ሰጥቶ ብዙዎቹ ረግተው መማራቸውን ሲያይ ተገረመ። ዛሬ በስፋት የሚታወቀውን ሪታሊንን አንድ የስዊዘርላንድ ኬሚስት የሠራው እ.ኤ.አ. በ1944 ሲሆን ስሙን ያወጣለት ሪታ ከምትባል ሚስቱ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ብዙ ልጆችን ይረዳሉ። ይሁን እንጂ የምግብ ፍላጎትና እንቅልፍ ይቀንሳሉ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝና ክትትልም አይነኩም። ለእኛ ልጅ ሐኪሟ «በቅድሚያ ቤቱንና ክፍሉን እናስተካክል፤ ካልበቃ ያኔ እንነጋገራለን» አለች።

ቤቱ ተስተካከለ፤ ክፍሉን ያስተካከሉት ግን ማንም ያልጠበቃቸው ሰው ናቸው። ባለ ማኅተሙ ትምህርት ቤት በቃሉ ጸንቶ ልጁን ስላሰናበተ፣ ሦስተኛ ክፍልን የጀመረው በሰፈራችን የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከ50 በላይ ልጆች ባሉበት ክፍል ነው። መምህርቷ ጡረታቸው የተቃረበ ናቸው። እህቴ የሐኪሟን ወረቀት ስታሳያቸው «ኤዲ... ምን አልሽኝ የኔ ልጅ?» አሉ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና «ይሁን፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳየው የኖርኩት ልጅ ነው» አሉ።

ያደረጉት ነገር ገንዘብ አይጠይቅም። ከመስኮቱና ከበሩ አርቀው ፊት ለፊታቸው አስቀመጡት። ጠመኔ የሚያመጣውና ሰሌዳ የሚያጠፋው እሱ ሆነ፤ መነሣቱ ካልቀረ በሥራ ይነሣ ብለው ነው። ቀልቡ ሲሄድ ስሙን ጠርተው አይጮኹም፤ ሲያልፉ ትከሻውን ነካ ያደርጉታል። ዐሥር ጥያቄ ሲሰጡ ወረቀቱ ከመካከል ታጥፎ በመጀመሪያ አምስቱ ብቻ ይታያሉ። የሒሳብ ፈተና ላይ ለሁሉም ልጅ «አስቀድማችሁ ምልክቶቹን አክብቡ» ይላሉ፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ደግሞ «ወረቀታችሁን ገልብጡ» ይላሉ። ማታ ማታ ደብተሩ ላይ ለእህቴ ሦስት ነገር ብቻ ምልክት ያደርጋሉ፤ ጽፏል፣ ጨርሷል፣ ተራውን ጠብቋል። አንድ ባልደረባቸው «ይሄን ልጅ ለምን እንደ ሌላው ቁጭ አያደርጉትም?» ቢላቸው «የተመዘገበው ሊማር እንጂ ሊቀመጥ አይደለም» አሉት አሉ።

እኚህን መምህርት ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የቄስ ትምህርት ቤት ነው። የየኔታን አለንጋ ላወድስ አልፈልግም። ግን አስቡት፤ ዛፍ ጥላ ሥር እያንዳንዱ ልጅ የየራሱን ትምህርት ይዞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሰውነቱን እያወዛወዘ ያነባል። ትምህርቱ አጭር ነው፤ ሲስት ወዲያው ይታረማል፤ ትልቁ ትንሹን ያስቀጽላል። ዛሬ ለእንዲህ ያለ ልጅ የሚመከረው አጭር ሥራ፣ ቶሎ የሚመጣ እርማትና ለመንቀሳቀስ ፈቃድ እዚያ ነበር። ዘመናዊው ክፍል ሲመጣ አለንጋው አብሮ ገባ፤ መወዛወዙ ግን ውጪ ቀረ።

ተአምር ተፈጠረ ብዬ አልዋሽም። ልጁ ዘንድሮ ብቻ ሦስት ሹራብ ጥሏል። ያም ሆኖ አንደኛው መንፈቀ ዓመት ሲዘጋ ከክፍሉ 21ኛ ወጥቷል። አባቱ ካርዱን ፎቶ አንሥቶ ጅቡቲ መስመር ላይ ላገኘው ሾፌር ሁሉ አሳይቷል። «ጭንቅላት የለኝም» የሚለውንም ቃል ከዚያ ወዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ለእኔ ከደረጃው ይልቅ የከበደው ይህ ነው።

የዓለም ጥናቶች ተጠቃልለው ሲታዩ ኤዲኤችዲ ከመቶ ልጆች አምስት በሚሆኑት ላይ ይገኛል። በእኛ ክፍሎች ሲመነዘር፣ 50 ልጆች ባሉበት ክፍል ሁለት ወይም ሦስት ማለት ነው። መምህራንን የሚያሠለጥኑ ኮሌጆቻችን ስለነዚህ ሁለትና ሦስት ልጆች የአንድ ሳምንት ትምህርት ቢጨምሩ ምን ይጎድልባቸዋል? ማኅተም የሚያነሣ ርእሰ መምህርስ ከማተሙ በፊት የልጁን የፈተና ወረቀት ቢገልብጥ? ወላጅም ቀበቶ ከመፍታቱ በፊት የራሱን ልጅነት ቢያስታውስ? ልጆቹ እስከ ዛሬ «ቀልብህን ሰብስብ» ሲባሉ ኖረዋል። መሰብሰብ ያልቻሉትን «ና፣ አብረን እንሰብስበው» የምንልበት ጊዜ የደረሰ ይመስለኛል።